ከፕላስተሩ አልፏል

ባሌ አዱኛ ከመሞቱ በፊት አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ሩዝ መልቀም ነበር። ሰፌዱን በመካከላችን አድርገን ጠጠር ስናወጣ ቆየንና ወደ ጓሮ ወጣ ብሎ ተመለሰ። «ከፕላስተሩ አልፏል» አለኝ እንደ ልማዱ። ሳቅን። በዚህ ቀልድ ከወጣትነታችን ጀምሮ ስንስቅ ኖረናል፤ አመጣጡ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

በተጋባን ዓመት፣ የፎገራ ውኃ ሸሽቶ ሣሩ ብቅ ሲል፣ ባሌ በግጦሽ የተነሣ ከወንዝ ማዶ ሰዎች ጋር ተጣላ። ጭቃ ላይ ጥለው በሽመል ቀጠቀጡት። ጭኑና ጀርባው አብጦ ጠቆረ። በቃሬዛ ወረታ አውጥተን፣ በጭነት መኪና ጎንደር ሐኪም ቤት አደረስነው። ሽንቱ እንደ አተላ ጠቁሮ ነበር።

ሐኪሙ ጠርሙስ ወገብ ላይ ፕላስተር ለጠፈ።

«የተቀጠቀጠው ሥጋ ኩላሊቱን እየዘጋው ነው። የሚሸናውን ሁሉ እዚህ አጠራቅሙ። እስከ ማታ ፕላስተሩ ጋ ከደረሰ ኩላሊቱ ይሠራል። ካልደረሰ ግን...»

ቀሪውን የባሌ ታላቅ ወንድም ይግዛው ጨረሰው። «ካልደረሰ ፎገራ እወርዳለሁ። ከቤታቸው ወንድ አላስቀርም።» ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልሎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

በደም የራሰ ልብሱን ወንዝ ወርጄ አጥቤ ማታ ስመለስ፣ ሐኪሙ ደረቅ ጠርሙስ ይዞ አንገቱን ደፍቷል። ይግዛው ተነሣ። ጋቢውን ያዝኩ።

«ዞር በይ አንቺ!» ብሎ ከግድግዳው ጋር አላተመኝ። አፌ በደም ተሞላ።

ያን ጊዜ አማቴ ከባሌ ራስጌ ብድግ አሉ። «ምን ያጣላችኋል? ሲሸና ውሏል እኮ! እኔ ነኝ የቀበርኩት።»

«ቀበርኩት?» አለ ሐኪሙ።

«የልጄ ደም ያለበትን ሽንት ጠላት አግኝቶ ድግምት ይድገምበት እንዴ፣ ጌታው?»

«ምን ያህል ነበር?»

«ብዙ ነዋ!»

«በግምት አልናገርም። ነገ እንደገና ይለካ።»

ይግዛው ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ። «እስከ ነገ» አለ።

በማግስቱ ጠርሙሱን ከእጄ አልለየሁትም። ሲመሽ ይግዛው ነጥቆኝ ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገው። «ከፕላስተሩ አልፏል!» ብሎ ጮኸ፤ ወለሉ ላይ ዘፍ ብሎም እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጠመንጃው እንደተጠቀለለ አገሩ ገባ።

ዘንድሮ የአዱኛን ሬሳ ከተሸከሙት መካከል የእነዚያ የማዶ ሰዎች ልጆች ነበሩ። አንዱ ሲያለቅስ አየሁት፤ ያኔ ገና አልተወለደም። ጠርሙሱ ሁለተኛ ባይለካ ኖሮ አባቱም አይተርፍ፣ እሱም አይወለድ ነበር እላለሁ።

አሁን ሩዙን ብቻዬን እለቅማለሁ።