የኦሊቃ ዳኮታ

አምቦ ውስጥ ከአልጋና ከቁም ሣጥን በተረፈ ቁራጭ እንጨት የአውሮፕላን ቅርጽ የሚሠራ አናጺ ቢኖር ኦሊቃ ብቻ ነው። ዘንድሮ የድሮዋን የመንገደኛ አውሮፕላን ዳኮታን፣ ሰማይ ላይ ሳለች ከተነሣች ፎቶግራፍ እያየ፣ ስምንት ወር ሙሉ ሲጠርባት ከርሞ ጨረሳት። የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ በወጣትነታቸው በዳኮታ ከጅማ አዲስ አበባ የበረሩት ጎረቤቱ ሐጂ ፈዲሉ «አዎ፣ እሷ ናት» እንዲሉለት።

ሐጂ ገና ሲያዩዋት ሣቃቸው አመለጣቸው።

«አንተ ኦሊቃ! ይቺማ እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ብላለች። የኛዋ አፍንጫዋን ሽቅብ ቀስራ፣ ጭራዋን መሬት አስነክታ ቁጢጥ ትል ነበር። ወንበሬ ጋ የደረስኩት እኮ ዳገት ወጥቼ ነው!»

«ያ ዋቅ! ፎቶው ላይ እግሯ አይታይማ፤ እንደ ዛሬዎቹ መስላኝ!»

ኦሊቃ ክው ቢልም ወዲያው ጉጠቱን አነሣ። የአፍንጫዋን ጎማ ነቅሎ ጭራዋ ሥር ተከለው፤ የክንፎቿን ጎማዎች ወደ ፊት አመጣቸው። ዳኮታ አፍንጫዋን ብድግ አደረገች!

 ሐጂ ጎንበስ ብለው ሦስተኛውን መስኮት በጣታቸው ነካ አደረጉና ወደ ቤታቸው ዞረው ሚስታቸውን ተጣሩ።

«ነዒማ! ቶሎ ነይ፤ ከጅማ ስንበር ዓይንሽን ጨፍነሽ የመጣሽበት ወንበር ተገኝቷል!»