አየር ያጣ ጣሪያ

የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ሜትሮ» ይለዋል፤ የመለኪያ ሜትሩ ከቀበቶው አይለይማ። ሠላሳ ዓመት በአናጢነት የሰው ጣሪያ ሲያቆምና ኮርኒስ ሲመታ ኖሯል። የራሱን ቤት ግን ዛሬ ነገ እያለ ችላ አለው። የሌሊት ወፍ እየገባ ሲያስቸግር ብቻ፣ ከግድግዳው ወጣ ብሎ የሚንጠለጠለውን የጣሪያ ጠርዝ ከሥሩ በጣውላ ጥርቅም አድርጎ ደፈነው።

«ተገላገልን!» አለ ያን ዕለት።

ቤቱ ግን ታፈነ። ከማድቤትና ከመታጠቢያ ቤት የሚወጣው እንፋሎት በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ታስሮ እየቀረ፣ ጠዋት ጠዋት ጠብ ጠብ ይል ጀመር። መጀመሪያ ቢጫ እድፍ ታየ፤ ከዚያ ጥቁር ሻጋታ። አስም ያለባት ሚስቱ ሳሉ የጠናባት ያኔ ነው።

«ሻጋታው ካልጠፋ የእኔ መድኃኒት ብቻውን አያድናትም» አለው ሐኪሙ።

ሜትሮ ከክሊኒኩ ወጥቶ በቀጥታ ጠርዙ ሥር ሄዶ ቆመ። በገዛ እጁ ነው እኮ የደፈነው!

በማግስቱ ጣውላውን ነቅሎ ጠርዙን ዙሪያውን ለካ። ረጅሞቹ ጎኖች አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሜትር፣ አጭሮቹ ስምንት ስምንት፤ ማዕዘኖቹ ሲደመሩ አርባ ሜትር ከምናምን። ስፋቱ ስልሳ ሳንቲ ነው፤ አንድ ኮምፔንሳቶ፣ ያ ስሱ ሰፊ ጣውላ፣ ለሁለት ሲሰነጠቅ አምስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ዘጠኝ ይበቃል፣ ከብክነቱ ጋር አሥር። ከዚያ በወለሉ ስፋት ልክ የአየር ማስገቢያውን አሰላ፤ የጫማ ካርቶን ክዳን የሚያህሉ ሰባት ቀዳዳዎች ወጡለት። አዲሱን ኮምፔንሳቶ መትቶ ሰባቱንም ቀዳዳ ቀደደበትና፣ የሌሊት ወፍ እንዳይመለስ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት መታባቸው። አየሩ የሚወጣበትንም ከላይ ከጣሪያው ጫፍ ላይ ከፈተ።

ሁለት ሳምንት ጠበቀ። ጠብታው አልቆመም።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም...» አለች ሚስቱ፤ ሳሉ አላስጨረሳትም። ከንፈሯ ሲጠቁር አይቶ አቅፏት ወጣ። ሆስፒታል ኦክስጅን ተሰክቶላት ተኛች።

ልጃቸው ልብስ ልትወስድላት ቤት መጣች። ሜትሮ ከመሰላሉ ሥር ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጧል።

«ስሌቴ ልክ ነው» አላት። «ሦስቴ ደገምኩት። እናትሽን ገደልኳት፤ የት እንደሳትኩ እንኳ አላውቅም።»

ልጅቷ መሰላሉን ወጣችና እጇን ቀዳዳው ላይ አደረገች።

«አባዬ፣ ነፋሱ ፊቴን እየመታኝ ነው፤ እዚህ ጋ ግን ምንም የለም። ወንፊቱ ነው እንዴ የሚይዘው?»

ሜትሮ ቀና አለ። የለካው ባዶውን ቀዳዳ ነበር፤ ወንፊቱ ግማሹን እንደሚበላው ረስቶታል። ለጀማሪ ሁሉ ሲያስተምረው የኖረ ነገር!

ወዲያው፣ ዝናብ እየጀመረ ሳለ፣ መጋዙን ይዞ መሰላሉን ወጣ።

«አባዬ፣ ውረድ! ዝናቡ ይለፍ!»

«እናትሽ ትንፋሽ አጥታ እኔ ዝናብ ላሳልፍ? መሰላሉን ያዥልኝ።»

ሰባት ቀዳዳ ጨመረ፤ ከላይ ያለውንም አሰፋ። የሻገተውን ኮርኒስ አውልቆ አቃጠለ። በወሩ ጣሪያው ደረቀ፤ ጠብታም ቀረ።

ሚስቱም ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሳንባዋ ግን ተጎድቷል፤ እንደ ድሮው አይሆንም ተብሏል። ጋደም ማለት ስለማትችል በትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ትተኛለች።

«ደርቋል እኮ» ትለዋለች ወደ ላይ እያየች፣ ቃሉን ለሁለት ትንፋሽ ከፍላ። «አሁንስ ለምን ታለቅሳለህ?»

እሱም ትራሷን ከፍ አድርጎላት አጠገቧ ይቀመጣል።