አይጥመኝ የዘለለው ወሬ

መስታወት ቆራጩን የሠፈሩ ሰው "አይጥመኝ" ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ጎረቤቱ አናጢው ነው። ባለስሙ ሰምቶ "ይህም ስም አይጥምም" ስላለ፣ በዚያው ጸደቀ።

አይጥመኝ ሁለት ሙያ አለው። አንደኛው መተዳደሪያው ነው፤ የመስኮት መስታወት ይቆርጣል፣ የተሰበረ ይተካል፣ ፎቶ በፍሬም ያስገባል። ሁለተኛውን ማንም ሳይሾመው ነው የያዘው፤ አዲስ በወጣ የኮንሶል ጨዋታ ላይ ይፈርዳል። ጨዋታ ሊገዛ ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ እሱ ሱቅ ጎራ ይላል። የሚመጡት ምክር ፈልገው ነው ይባላል፤ እውነቱን ለመናገር ግን አትግዙ የሚላቸው ሰው ፈልገው ነው። በዚህ በኩል አሳፍሯቸው አያውቅም።

"ያ ሰይፍ ያለበት እንዴት ነው?" ይሉታል።

እሱ ምንጣፍ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ፣ ማስመሪያውን በግራ እጁ ተጭኖ፣ ቀና ሳይል ይመልሳል። "ዓለሙ ሰፊ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ከወደድክ ግዛው። ጀግናው ዓለምን ሊያድን ይጠራል፤ ከተማ ሲገባ ድመቷ የጠፋችባት ሴትዮ ታገኘዋለች። ዓለም ይቃጠላል፣ እሱ ድመት ይፈልጋል።"

"የዘንድሮው ኳስስ?"

"ዘንድሮ ተጫዋቾቹ ያልባቸዋል። አምና አያልባቸውም ነበር። ለላብ የምትከፍል ከሆነ እኔም ያልበኛል።"

"የሚያስፈራውስ?"

"የሚያስፈራው እስኪጫን ነው። ዲስኩን ስታስገባው፣ ጨዋታው እዚህ የለም፣ በኢንተርኔት ይምጣ ይልሃል። እኔ መስኮት ሸጬ 'መስታወቱን ከሌላ ሱቅ አምጡ' ብል በድንጋይ ነበር የምትሉኝ።"

በዚህ መሀል አናጢው ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ በሁለቱ ሱቆች መካከል ባለው በር ብቅ ይላል። "እስቲ አንድ የወደድከውን ንገረን።"

"ገና አልወጣም።"

ይህ ሁሉ ፍርድ አንድ ሕግ አለው፤ ሕጉም የመጣው ከመስታወቱ ነው። መስታወት አንዴ ይሰመራል። መቁረጫው ቀጭን ድምፅ እያሰማ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዴ ይሄዳል፣ ከዚያ መስታወቱ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ተስቦ ቀጭ ይደረጋል። በተሰመረበት ላይ ደግሞ የሚያሰምር መቁረጫውንም ያበላሻል፣ መስታወቱም ወዳልታሰበበት ይሰነጠቃል። አይጥመኝ ጨዋታንም እንዲሁ አንዴ ነው የሚጫወተው። ጨረሰ፣ ፈረደ፣ አለቀ። ተመልሶ ማየትና "ተሳስቼ ነበር" ማለት በእሱ ቤት የለማጅ ሥራ ነው።

አንድ ጠባዩ ግን ከሕጉም ይብሳል። ጨዋታው ውስጥ ያለ ሰው አፉን ሲከፍት፣ የአይጥመኝ አውራ ጣት ንግግር መዝለያውን ቁልፍ ትጫናለች። ንጉሥ ይሁን ዘበኛ፣ የሚሞት ይሁን የሚያፈቅር፣ እሱ ዘንድ አድልዎ የለም። "ቀጥል፣ ቀጥል" እያለ ሁሉንም ያሳልፋቸዋል። በማግስቱ ሱቁ ቆሞ "ስዕሉ ደህና ነው፣ ታሪክ የለውም" ይላል።

ታናሽ እህቱ ሚጢጢ ትባላለች። እናትና አባታቸው በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደጋት እሱ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትውለው እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ የስቱኮ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ ነበር። አሁን አንዲት ትንሽ የጨዋታ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች፤ ሥራዋ በጨዋታው ውስጥ ያሉ ሰዎች የሚናገሩትን መጻፍ ነው። ይህንን ለወንድሟ ነግራዋለች፣ ያውም ደጋግማ። ነገር ግን ሚጢጢ ስትናገር ድምፅዋ ከአንገትጌዋ አያልፍም፤ ወንድሟም "እሺ፣ እሺ፣ ጎበዝ" ብሎ ያሳልፋታል። ሰው ሲጠይቀው "ኮምፒውተር ትነካካለች" ይላል።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ሚጢጢ አዲስ የወጣ ጨዋታ ይዛ መጣች። የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። ለወንድሟ አፍ አውጥታ ብላው የማታውቀውን ሁሉ እዚያ ውስጥ አስቀምጣዋለች። የሌላ ሰው ፍርድ ቢቀርባት ግድ አልነበራትም።

"ጋሽዬ፣ ይቺን እኛ ነን የሠራናት። እንደ ሌላው ፍረድባት።"

"እህቴ ናት ብዬ አላዝንልሽም።"

"አትዘንልኝ።"

በወንድሟ ቤት እንደ እንግዳ የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ነርሷ ባለቤቱ ከኋላቸው ቆማ የሥራ ልብሷን ትተኩሳለች።

ጨዋታው ተጀመረ። ነፋስ የአንድ ከተማን መስኮት ሁሉ ሰብሮታል። አንዲት ልጅ ከአንድ ሽማግሌ ሱቅ መስታወት እየተሸከመች ከቤት ወደ ቤት ትዞራለች። አይጥመኝ ገና እግሯ ሳይንቀሳቀስ ሳቀ።

"ይቺ መስታወት በጠፍጣፋው ነው እንዴ የምትሸከመው? በጠርዙ ይቆማል እንጂ። እንዲህ ይዛው በሩ ጋ አትደርስም።"

ሚጢጢ ፈገግ አለች። እስከዚህ ድረስ ነገሩ መልካም ነበር።

ከዚያ ሽማግሌው አፉን ከፈተ። ጠቅ። ልጅቷ ልትመልስለት ነበር። ጠቅ። ባሏ የሞተባት ሴትዮ መስኮቷ ላይ ቆማ እጇን አነሳች። ጠቅ። ሚጢጢ በየጠቅታው እጇን ወደ እጅጌዋ እየሳበች፣ ጣቶቿ እስኪጠፉ ድረስ ተቀመጠች። አንዴ ብቻ "ጋሽዬ፣ እዚህ ጋ እንኳ…" ብላ ጀምራ ነበር።

"ቆይ፣ ቆይ፣ ልጨርስ።"

ጨረሰ። ጨዋታው ድሮም አጭር ነው፤ ለማይሰማ ሰው ደግሞ ይበልጥ ያጥራል። አይጥመኝ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ስዕሉ ቆንጆ ነው። ቀለም የቀባው ሰው እጁ ይባረክ። ታሪክ ግን የለውም። ልጅቷ ለምን እንደምትለፋ አይታወቅም። ሽማግሌው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ዓሣ ይመስላል።"

"እሺ ጋሽዬ" አለች ሚጢጢ። ቦርሳዋን አነሳች፣ ትከሻውን ሳም አድርጋ ወጣች።

ባለቤቱ ካውያውን አቆመች። "ደስ አለህ?"

"ምን አደረግኩ? ፍረድ አለችኝ፣ ፈረድኩ።"

"ያቺ ልጅ ምን እንደምትሠራ ታውቃለህ?"

"ኮምፒውተር…"

"ንግግሩን ነው የምትጽፈው። ሽማግሌው የሚለውን፣ ልጅቷ የምትመልሰውን። ስዕሉ የሌላ ሰው ነው። የሌላውን ሰው እጅ መርቀህ፣ የእሷን አንድ ቃል ሳትሰማ ሸኘሃት።"

"ማን ነገረኝ?"

"እሷ ነግራሃለች። እሷንም ዘለልካት።"

 

በማግስቱ አናጢው ገና ሱቁ ሳይከፈት በር ላይ ጠበቀው። ምክር ሳይጠይቅ ያቺን ጨዋታ ገዝቷት ኖሯል።

"ስማ፣ ያ ሽማግሌ አንተን ቁርጥ ነው። ሳቄ ሊገድለኝ ነበር። ደንበኛውን 'ቤትህ የሚያስፈልገው መስታወት ሳይሆን ሌላ ቤት ነው' ይለዋል።"

"ይሄንን እኔ ብያለሁ።"

"ለእኔ ነዋ ያልከው፣ ኩሽናዬን ስትለካ። ልጅቷ መጨረሻ ላይ የምትለውንስ ሰማህ?"

አይጥመኝ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማስመሪያ አስተካከለ። የተስተካከለ ነበር። "ሰምቻለሁ።"

"ምን አለች በላ?"

አይጥመኝ መቁረጫውን በጨርቅ ወለወለ። አናጢው እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ አየው። "ዳኛችን ሳይሰማ ነው እንዴ የፈረደው?"

"ሂድ፣ ሥራህን ሥራ።"

ያን ቀን ሱቁን በጊዜ ዘጋ። ቤቱ እንደገባ ጫማውን ሳያወልቅ ጨዋታውን እንደገና ከመጀመሪያው ከፈተው።

"በተሰመረበት ላይ ልታሰምር ነው?" አለች ባለቤቱ።

"ዝም በዪ፣ ልስማበት።"

ሽማግሌው አፉን ሲከፍት አውራ ጣቱ ከልማዷ ተነሳች፤ ቡጢው ውስጥ ቀበራት። ሽማግሌው ለፈለፈ። ነፋሱን ተሳደበ፣ ደንበኞቹን አማ፣ ልጅቷን "አትንኪ አላልኩሽም?" ብሎ ተቆጣ። አይጥመኝ ሁለቴ ሳቀ፣ ሁለቴም በሳል አስመሰለው። ልጅቷ ፊቷን ስታዞር ሽማግሌው የምትሸከመውን መስታወት ጠርዝ በጨርቅ ሲጠቀልል ታየ። ይህ ትናንትም ነበር። ትናንት ግን አልፎታል።

የመጨረሻው መስኮት ከተገጠመ በኋላ ባሏ የሞተባት ሴትዮ ልጅቷን ጠየቀቻት። "ያ ነጭናጫ ሽማግሌ አመሰግናለሁ ብሎሽ ያውቃል?"

"እኔም ብዬው አላውቅም" አለች ልጅቷ። "እጄ እንዳይቆረጥ ጠርዙን ሁሉ ሲጠቀልል አያለሁ፣ ግን እንዳላየ እሆናለሁ። አመሰግናለሁ ብለው 'ይህም አይጥምም' ይለኛል።"

አይጥመኝ ጆይስቲኩን አስቀመጠ። ሚጢጢ ሱቅ በምትውልበት ዘመን፣ ባልዲዋ አጠገብ የሚደገፈውን ቁርጥራጭ መስታወት ሁሉ፣ ከትምህርት ቤት ከመምጣቷ በፊት ጠርዙን በፕላስተር ይለጥፈው ነበር። ማንም ያየው አልመሰለውም።

ስልኩን አንስቶ ደወለ።

"ሚጢጢ።"

"አቤት ጋሽዬ።"

"ሽማግሌው ወሬ ያበዛል።"

"ያበዛል?"

"ያበዛል። ጠርዝ ደግሞ በጨርቅ አይጠቀለልም። በፕላስተር ነው።"

"አውቃለሁ" አለች። ድምፅዋ ቀጠነ። "ፕላስተር ነበር የጻፍኩት። ስዕሉ ላይ አያምርም አሉኝ።"

"ስዕሉማ ድሮም አልጣመኝም።"

ባለቤቱ በሥራ ልብሷ አፏን ሸፈነች።

"ያቺ ባሏ የሞተባት ሴትዮ መጀመሪያ ላይ እጇን አንስታ የምትለው አልገባኝም" አለ አይጥመኝ። "ለምን ነው ያስባልሻት?"

"እሱ እኮ ረጅም ነው ጋሽዬ።"

"የስልኩ ቻርጅ ሙሉ ነው። ንገሪኝ።"

ሚጢጢ ነገረችው። ስትጀምር እንደ ልማዷ ነበር፤ እየቆየች ድምፅዋ ከአንገትጌዋ አለፈ። እሱ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ፤ "እሺ፣ እሺ" አላለም።

በማግስቱ አንድ ደንበኛ ሱቁ በር ላይ ቆሞ "ያቺ የመስኮቷ ጨዋታ እንዴት ናት?" አለው።

"መስታወት መያዝ አያውቁም። ሽማግሌው ለፍላፊ ነው። ነፋሱም ተጋኗል።"

"አትግዛ በለኛ።"

"ግዛ" አለ አይጥመኝ፣ ቀና ሳይል። አናጢው በዚያኛው በር መጋዙን አቆመ። "ንግግሩን ዘለህ መጥተህ ደግሞ እዚህ ቆመህ ታሪክ የለውም ትለኝና፣ ያኔ እንተያያለን።"

መቁረጫውን አነሳና፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንዴ አሰመረ።