ሁልጊዜ የሚሸነፉት አሰልጣኝ ለምን አልተባረሩም

ጆሃንስበርግ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ የስፖርት ዕቃ ክፍል አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ኳስ እነፋለሁ፣ ማሊያ አጥባለሁ፣ ግጥሚያ ሲኖር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነጥብ እመዘግባለሁ። የቅርጫት ኳስ ቡድናችን አሰልጣኝ የአገሬ ሰው ነበሩ። አምሳዎቹን የተሻገሩ፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የተጫወቱ፣ ረጅምና ቀጭን ሰው ናቸው። ሥራ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። ተማሪዎቹ «ኮች» ይሏቸዋል፤ እኔ ግን «ጋሼ» ነበር የምላቸው።

ቡድናችን ይሸነፋል። ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት ያሸነፍነው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ እሱንም ተጋጣሚያችን መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ስላልመጣ ነው። ጥፋቱ የጋሼ አልነበረም ብል ደስ ባለኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ጨዋታው ጥሏቸው ሄዷል። ልጆቹ ከሩቅ መወርወር ይፈልጋሉ፤ እሳቸው ቀለበቱ ሥር ገብታችሁ አግቡ ይላሉ። ሲሸነፉ አይቆጡም። ላብ የነካውን ማሊያ ራሳቸው ሰብስበው ያመጡልኛል፤ «ዛሬም አልሆነም» ብለውኝ ይሄዳሉ።

ዳይሬክተሩ የተተኮሰ ሸሚዝ የማይለየው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። አንድ ቀን ዕቃ ክፍል ድረስ መጥቶ «በመጋቢት መጨረሻ አዲስ አሰልጣኝ ይመጣል። ለእሳቸው እኔ ራሴ እስክነግራቸው ድረስ ዝም በይ» አለኝ። ዝም አልኩ። ጋሼን ባየሁ ቁጥር ዓይናቸውን መሸሽ ጀመርኩ።

መጋቢት ሲያልቅ የመጣው ሎክዳውን ነበር። እኔና እህቴ ጀፕስታውን የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ውስጥ ተቆልፈን ከረምን። መንገዱ ላይ ወታደር እንጂ ሰው አይታይም። ከኮሌጁ በስልክ እየተደወለላቸው የሚሰናበቱት ሰዎች ወሬ በየሳምንቱ ይደርሰኝ ነበር። የጋሼ ስም ነገ ይጠራል፣ ከነገ ወዲያ ይጠራል እያልኩ ጠበቅሁ።

ሰኔ ላይ ስልኩ ለእኔ ጮኸ። ዳይሬክተሩ ነበር። «የጂሙን ቁልፍ ይዘሽ በኋላ በር ግቢ» አለኝ። ስደርስ ጋሼ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ስፖርት ያኔ የተከለከለ ነው። ዳይሬክተሩ ግን ኮሌጁን ሊገዙ የሚፈልጉ ሰዎች እንዳሉ፣ ሰዎቹም ስፖርት እንደሚወዱ፣ ቡድኑ ተዘጋጅቶ ሊያዩት እንደሚፈልጉ ነገረን። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞሮ «ሌላ ሰው ልቀጥር ነበር። ይህን ካደረግክልኝ ቦታህ ያንተ ነው» አላቸው።

የጋሼ የሥራ ፈቃድ የሚታደሰው በኮሌጁ ደብዳቤ ነው፤ በዚያ ሰዓት ማን ሌላ ሥራ ይሰጣቸዋል? «እሺ» አሉ።

ቡድኑ የሚለማመድበት አዳራሽ፣ የጂሙ መስኮቶች በጥቁር ላስቲክ ተሸፈኑ። ልጆቹ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አንዱ ከገባ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ሌላው እየተከተለ በኋላ በር ይገባሉ። ፊሽካ ተከልክሏል። ጋሼ ልጆቹን የሚያስቆሙት እጃቸውን ወደ ላይ በማንሳት ነበር። እንዲህ ያለ ልምምድ አይቼ አላውቅም፤ የሚጮህ የለም፣ የሚስቅ የለም፣ የኳሱ ድብደባ ብቻ ባዶው ግቢ ውስጥ ይሰማል። ውጭ የተሽከርካሪ ድምፅ በሰማን ቁጥር ሁላችንም ደርቀን እንቆማለን።

ከልጆቹ አንዱ ከከተማው ዳር፣ ከአይቮሪ ፓርክ በሁለት ታክሲ የሚመጣ፣ ከሁሉም ረጅሙ ነበር። በገባ ቁጥር ጭምብሉን ዝቅ አድርጎ በዙሉ ቋንቋ «ሳውቦና ሲሲ» ብሎ ሰላም ይለኛል። አንድ ማክሰኞ ግን ሰላም ሳይለኝ አለፈ። ሁለቴ ሜዳውን እንደዞረ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። ውሃ ወሰድኩለት። ጠርሙሱን ሲቀበለኝ እጁ ይፋጃል፤ ሳሉም ደረቅ ነበር።

ጋሼ ግንባሩን ዳሰሱትና ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄዱ። በሩ ክፍት ስለነበር ከኮሪደሩ ሰማኋቸው።

«ልጁ ታሟል። ልምምዱ ይቁም።»

«ክረምት ነው፤ ብርድ ይሆናል» አለ ዳይሬክተሩ። «ሰዎቹ ዓርብ ይመጣሉ። ያለ እሱ ደግሞ ቡድን የለንም።»

ጋሼ ተመልሰው ዕቃ ክፍሉ በር ላይ ቆሙ። «እስከ ዓርብ ነው» አሉኝ፣ ልክ የጠየቅኋቸው ይመስል። ቁልፉ በእጄ ነበር፤ በሩን ዘግቼ «አልከፍትም» ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

ዓርብ ልጁ ተጫወተ። ሰዎቹ ከላይ ቆመው ሃያ ደቂቃ ያህል አይተው ሄዱ። በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ ሆስፒታል ገባ፣ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሞተ። ቀብሩ ላይ እንዲገኙ የተፈቀደው ጥቂት ሰዎች ብቻ ስለነበሩ ከእኛ ማንም አልሄደም።

ዳይሬክተሩ አንድ በአንድ ጠራን። እንድንፈርም ያቀረበልን አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ጂሙ ከሎክዳውን ጀምሮ እንዳልተከፈተ፣ ምንም ዓይነት ልምምድ እንዳልተደረገ ይላል። የጋሼ ፊርማ ከላይ አለ። እኔ የጥገኝነት ወረቀት ይዤ የምኖር ሰው ነኝ። «ወረቀትሽ መቼ ነው የሚያበቃው?» አለኝ ዳይሬክተሩ፣ ብዕሩን እያቀበለኝ። ከጋሼ ፊርማ ሥር ፈረምኩ።

ከዚያ በኋላ የውሃ ዋና አስተማሪዋ ተሰናበተች። ቤተ መጻሕፍቱን የሚይዘው ሰው ተከተለ፤ ከጽዳት ሠራተኞቹ ሁለቱ ሄዱ። ጋሼ ግን አልተነኩም። በቀጣዩ ዓመት ጨዋታ ያለ ተመልካች ሲጀመር ሁሉንም ተሸነፍን፤ ጋሼ አሁንም አሉ። ሠራተኞቹ «ይሄ ሰውዬ ከላይ ማን አለው?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ይመጣል ስለተባለው አዲስ አሰልጣኝ ግን ዳይሬክተሩ ዳግመኛ አላነሳም።

ጋሼ አንድ ጊዜ መልቀቂያ ጽፈው አስገብተው ነበር። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ መልሶ ገፋላቸው። የተናገረውን ጋሼ ቃል በቃል ነገሩኝ፦ «ሌላ ቦታ ሄደህ ምን እንደምታወራ አላውቅም። እዚሁ ብትሆን ለሁላችንም ይሻላል።»

የልጁ እናት የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ጥበቃው አላስገባ ብሏት አጥሩ ሥር ቆማ አገኘኋት። ማን እንደሆነች ነገረችኝ።

«ልጄ በሳምንት ሦስት ቀን ጫማውን ይዞ ይወጣ ነበር» አለችኝ። «የት ነበር የሚሄደው?»

«ኮሌጁ ዝግ ነበር፣ ማማ» አልኳት።

ፊቴ በጭምብል ተሸፍኗል፤ እሷ የምታየው ዓይኔን ብቻ ነው። እሱኑ አየችው። «አንቺም እንደነሱ» ብላ ሄደች።

ለጋሼ ነገርኳቸው። ምሳቸውን መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው እየበሉ ነበር። ሳህኑን ከድነው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። «ቅዳሜ እንሂድ» አሉ። «ካልፈለግሽ እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ።» አብሬያቸው ሄድኩ።

አይቮሪ ፓርክ ውስጥ ቤቷን ያገኘነው ሰው ጠይቀን ነው። በሯ ላይ ጎመንና ቲማቲም ደርድራ ትሸጣለች። ጋሼን በፎቶ ታውቃቸው ኖሯል፤ ሳታስገባን ቆማ ጠበቀች። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው እዚያው ቆመው ሁሉንም ነገሯት፤ ላስቲኩን፣ የኋላውን በር፣ ማክሰኞን፣ ዓርብን። እኔም ውሃውን እንዳቀበልኩት፣ ትኩሳቱን በእጄ እንዳወቅሁ፣ በኋላም እንደዋሸኋት ተናገርኩ።

አላለቀሰችም። «እንዲጫወት ያለው ማነው?» ብላ ጠየቀች።

«ያዘዘው ዳይሬክተሩ ነው» አሉ ጋሼ። «ሜዳ ያስገባሁት ግን እኔ ነኝ።»

ደንበኛ መጣ። ቲማቲም መዝና ሸጠች። ከዚያ ውስጥ ገብታ የትምህርት ቤት ደብተር ይዛ ወጣች፤ «ጻፈው» አለቻቸው። ጋሼ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፉ። ሥሩ ላይ ሁለታችንም ፈረምን። ስትሰናበተን ይቅር አላለችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

ደብተሩን ይዛ ድሆችን በነፃ ወደሚረዱ ጠበቆች ሄደች። ከጠበቆቹ ደብዳቤ ሲመጣ ዳይሬክተሩ ጋሼን አስጠራቸው። እኔ ዕቃቸውን በካርቶን መሰብሰብ ጀምሬ ነበር። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይቆዩ ተመለሱ።

«አላባረረኝም» አሉ። ድምፃቸው ደስታ አልነበረውም። «ጠበቃው መክሮታል መሰለኝ። ምስክሩን አባረረ እንዳይባል ነው። በፊት ዝም ስላልኩ አቆየኝ፤ አሁን ደግሞ ስለተናገርኩ።»

እኔንም አላባረረኝም። ግን በየጠዋቱ በዕቃ ክፍሉ ሲያልፍ ቆም ይልና በዚያ ለስላሳ ድምፁ ስለ ወረቀቴ ይጠይቀኛል። ታደሰ ወይ? መቼ ነው ቀጠሮሽ? የትኛው ቢሮ ነው? ሌላ ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም። ሁለት ወር ያህል ቻልኩት። ከዚያ ቁልፎቹን ለጥበቃው አስረክቤ ወጣሁ፤ አሁን እህቴ ሱቅ ውስጥ ብርድ ልብስና መጋረጃ እሸጣለሁ። ጉዳዩ ገና ፍርድ ቤት አልደረሰም፤ ቀጠሮው በተቃረበ ቁጥር ይገፋል። ሲደርስ ግን እሄዳለሁ፤ ለእናትየው በስልክ ነግሬያታለሁ።

ጋሼ አሁንም እዚያው ናቸው። ቡድኑ አሁንም ይሸነፋል። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አገኘኋቸው፤ ከስተዋል። ዳይሬክተሩ አሁን አንድም ጨዋታ እንደማያመልጠው፣ ከፊት ተቀምጦ ሲሸነፉ እንደሚያጨበጭብ ነገሩኝ። የሥራ ፈቃዳቸው በሚቀጥለው ወር ያበቃል። ካልታደሰ አገሩን መልቀቅ አለባቸው፤ የኮሌጁን ደብዳቤ ዳይሬክተሩን ሦስት ጊዜ ጠይቀዋል።

«ምን አለዎት?» አልኳቸው።

«አትቸኩል ነው የሚለኝ» አሉ።