ለሁለት ሰው ባቡር ይቆማል?

በቀደም ዕለት ጄኔቭ፣ ኦ ቪቭ ጣቢያ፣ ወደ ምድር ቤት በሚያወርደው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ቆሜ ለብቻዬ ሳቅኩ። እኔ ጄኔቭ ስመጣ እዚህ ቦታ የነበሩት አንድ ሐዲድና አንዲት ያረጀች የጣቢያ ቤት ናቸው። ትኬት ቆራጩ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ቦንዡር» ይለኝ ነበር። አሁን ሁሉም መስታወት ነው፤ ሰላም የሚል ማሽን ገና አልገባም። ያሳቀኝ ግን ይህ አይደለም። የድሮ ትንንሽ ጣቢያዎችን ባሰብኩ ቁጥር ጋሽ ታደሰ ትዝ ይሉኛል።

ያኔ ሻትሌን አጠገብ፣ በአንድ ዲፕሎማት ቤት የምሠራ ወጣት ነበርኩ። ዙሪክ፣ ቪዲኮን የምትኖረው ጓደኛዬ ሰናይት ሴት ልጅ ወልዳ፣ የልጇን ክርስትና እንዳነሳ ጠየቀችኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አሠሪዬን ማዳምን ፈቃድ መጠየቅ ግን አቃተኝ፤ በመጨረሻ ሰናይት ራሷ ደውላ አስፈቀደችልኝ።

ክርስትናው ከዙሪክ ወጣ ባለች መንደር፣ ለእኛ ሰዎች በተፈቀደች ቤተ ክርስቲያን ነበር። ዋዜማውን ሰናይት ቤት አደርኩ፤ ጠዋት እናትና ልጅ በመኪና ቀደሙ። መኪናው ስለሞላ እኔና የሰናይት አጎት ጋሽ ታደሰ ኤስ-ባን በሚሉት የከተማ ዳርቻ ባቡር ተከተልን። ሚያዝያ ነበር፤ የፖም ዛፎች አብበዋል። ጋሽ ታደሰ ድፎ ዳቦውን በነጠላ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል፤ እህል ሳንቀምስ ስለወጣን ዓይኔን ከእሱ ላይ መንቀል አቃተኝ። ቄሱ የክርስትና እናት ካረፈደች «ሌላ ሴት ትቁም» የሚሉ ሰው ናቸው አሉ። ሰዓቴን ደጋግሜ አያለሁ።

የምንወርድባት ጣቢያ ትንሽ ስለሆነች ባቡሩ የሚቆመው ወራጅ ቁልፍ ሲጫን ብቻ ነው። ጋሽ ታደሰ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። እጄን ስዘረጋ ግን ያዙኝ።

«ተዪው ልጄ። ለሁለት ሰው ብለን ይህን ሁሉ ሕዝብ እናቁም?»

«ቁልፉ የተሠራው ለዚህ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«ነውር ነው። ሌላ ወራጅ ሲጫን አብረን እንወርዳለን።»

ሌላ ወራጅ አልነበረም። የጣቢያዋ የእንጨት ቤት ከነአበባዋ በመስኮቱ ሽው ብላ አለፈች። ከአጥሩ ወዲያ የሕፃኗ አባት ጃንጥላውን እያውለበለበ ሲሮጥ አየሁት። ጋሽ ታደሰ በትሕትና እጅ ነሱት።

ባቡሩ ሁልጊዜ በሚቆምበት በቀጣዩ ትልቅ ጣቢያ ወርደን የመልሱን ባቡር ስንጠብቅ አለቀስኩ። ሕፃኗን ሌላ ሴት ስትታቀፋት ታየኝ። ባቡሩ መጥቶ ከገባን በኋላ ጋሽ ታደሰ አሁንም ዙሪያቸውን ይቃኙ ጀመር፤ ወራጅ ፍለጋ መሆኑ ገባኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ቁልፉን ተጫንኩት። መብራቱ በራ፣ ባቡሩም ቀስ እያለ ቆመ። ማንም ቀና ብሎ አላየንም። ጋሽ ታደሰ ግን በየወንበሩ ጎንበስ እያሉ «መርሲ፣ ይቅርታ፣ መርሲ» እያሉ ወረዱ፤ አልፈው ተርፈው ሹፌሩ መስኮት ድረስ ሄደው ባርኔጣቸውን አነሱ። ሹፌሩ በሳቅ ፈረሰ።

ስንደርስ ቄሱ «የክርስትና እናቷ የታለች?» እያሉ ነበር። «አለሁ!» ብዬ ከበር ጮኽኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

ያች ሕፃን ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። ይህን ስነግራት «አበር ጋሼ ለምን ቁልፉን አልተጫነም?» ትለኛለች፤ በጀርመንኛ «ግን» ማለቷ ነው። ይሉኝታን በጀርመንኛም በፈረንሳይኛም ላስረዳት ሞክሬ አልሆነልኝም። ጋሽ ታደሰን ዛሬም እወዳቸዋለሁ፤ እንደ እሳቸው ያለ ጨዋ ሰው አላጋጠመኝም። ያን ቀን እኔም እንደ እሳቸው ጨዋ ብሆን ኖሮ ግን፣ ይህችን ልጅ ዛሬ «ልጄ» የምትላት ሌላ ሴት ነበረች።