ቁጥሩ የገጠመው መዝጊያ

ሁለት ልጅ የወለደ፣ ፀጉሩ ከፊት የሸሸ ጎልማሳ እስከ ዛሬ «ማሙሽ» ተብሎ ሲጠራ ቢሰማ የማይስቅ ሰው የለም። ታላቅ ወንድሙን ግን አንድም ቀን አላሳቀውም። ታላቅየው መነጽር ይባላል፤ አጉሊ መነጽር ከዓይኑ ስለማይለይ ሠፈሩ ያወጣለት ስም ነው። ሁለቱም አባታቸው ባቋቋሙት የጠመንጃ መጠገኛ ውስጥ፣ አንድ ሞርሳ እየተሻሙ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው ያረጁት። ማሙሽ አንዲት ብረት ሞርዶ ሲያስረክብ ሽማግሌው አባታቸው በጣታቸው ዳበስ ዳበስ ያደርጉና «እጅህ ይባረክ» ይሉታል። መነጽር ሲያስረክብ፣ እንከን ባይገኝበት እንኳ፣ «አስቀምጠው» ብቻ ነው። እስቲ አሁን «አስቀምጠው» ምን ይባላል! ለተላላኪ እንኳ ከዚህ የተሻለ ይባላል።

መነጽር ሱቁን አይመኝም፤ ንብረትም አይመኝም። የሚፈልገው ያቺን ሁለት ቃል ነበር። የአባቱ ዓይን እየደከመ፣ ሰውን በጥላው ብቻ የሚለዩበት ጊዜ ሲመጣ ደግሞ፣ ሳልሰማት ይሞቱብኛል የሚል ፍርሃት ያዘው። ሚስቱ ነገሩ ሲሰለቻት «አንተ ሰውዬ፣ ወንድምህ ቢያስነጥስ ትቀናለህ እኮ!» አለችው። «ይማርህ የሚባለው እሱ ብቻ ነዋ!» አላት። የምሩን ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንዲት ባልቴት በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። የሟች ባላቸው ሽጉጥ ነው። ለሠፈሩ የዒላማ ተኩስ ክበብ ሊሰጡት አስበዋል፤ ግን ምን እንደሆነ፣ ይተኩስም እንደሆነ ሳያውቁ መስጠት ከበዳቸው። «እኔ የማውቀው ነገር ቢኖር ትራስ ሥር ሲያድር አንገቴን እንደሚቆረቁረኝ ነው» አሉ።

ሽማግሌው ተቀብለው ዘመም ያለውን እጀታ፣ ቀጭኑን አፈሙዝ፣ ከላይ እንደ ጉልበት የሚታጠፈውን ብረት ዳሰሱ። «ሉገር ነው። የጀርመን ሽጉጥ» አሉ። ቀጥለውም «አንተ፣ ማንነቱን አጣራ። ማሙሽዬ፣ ለተኩስ አዘጋጀው» ብለው ሥራውን አካፈሉ። የመነጽር አንጀት አረረ። ለእኔ ወሬውን፣ ለእሱ ሥራውን! አለ በሆዱ።

ያም ሆኖ ሥራውን አልበደለም። ሽጉጡን ፈታታና አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ብረት በብረት አየው። አፈሙዙ ሥር የተሠራበት ዓመት አለ፤ ጎኑ ላይ የጦር ሠራዊት መርማሪዎች የመቱት ጥቃቅን ማኅተም አለ። ወታደር ቤት የኖረ ለመሆኑ ጥርጥር የለውም። አካሉ ላይ 4471 የሚል ቁጥር ተመቷል። ፋብሪካው ደግሞ በእያንዳንዱ ትንሽ ብረት ላይ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች ይመታል፤ ስለዚህ ሁሉም 71 ማለት ነበረበት። አፈሙዙ ገጠመ። ቃታው ግን 09 ሆነ። ከጥይቱ ኋላ ገብቶ የሚዘጋው፣ መዝጊያው፣ 38 ሆኖ ተገኘ።

«አባባ፣ ይሄ ሽጉጥ ከሦስት እናት የተወለደ ነው» አላቸው። «የተሰበረበትን ከሌላ ከወደቀ ሽጉጥ እየነቀሉ ሲገጥሙለት ኖረዋል።» ደህና አድርጎ ነበር ያስረዳው፤ ባልቴቷ እንኳ አፋቸውን ከፍተው ሰሙት።

«እሺ» አሉ ሽማግሌው። «አስቀምጠው።»

በሱቁ አንድ የማይሻር ደንብ ነበር። ታሪኩ የማይታወቅ መሣሪያ፣ ወይም መዝጊያው የተነካ መሣሪያ፣ ከሰው እጅ በፊት በገመድ ይተኮሳል። ጓሮ ካለው ወፍራም እንጨት ላይ ይታሰርና ቃታው ከአሸዋው ግድግዳ ጀርባ በሲባጎ ይሳባል። ማሙሽ ሽጉጡን ወለወለ፣ የላላውን ሞላ ለወጠ፣ በገመድ ተኮሰው፤ ምንም አልሆነም። ከዚያ ተኩስ ሜዳ ወስዶ አንድ ካዝና ሙሉ ጥይት በእጁ ተኮሰ። ጥይቶቹ ዒላማው ላይ የሻይ ሰሃን በሚሸፍነው ቦታ ተሰብስበው ገቡ። ሽማግሌው የዒላማውን ወረቀት ተቀብለው ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ፈለጉና ፊታቸው በራ።

«ከሦስት እናት ቢወለድስ! ሲስማማ አያችሁ? እጅህ ይባረክ፣ ማሙሽዬ!»

መነጽር የዚያን ቀን ምሳ አልበላም። ሌሎቹ ሲወጡ ከሱቁ ቀረና ከወዳደቀ መሣሪያ የነቀለውን ብረት ሲያጠራቅም የኖረበትን መሳቢያ ሳበ። ከሉገር ስብርባሪ መካከል አንድ መዝጊያ አነሣ። መነጽሩን አስጠጋ። 71!

ልቡ ዘለለ። አይ ቅናት! በየመቶው ሽጉጥ አንድ 71 እንደሚኖር እሱ ራሱ ነው ለሰው ሁሉ ሲያስተምር የኖረው። ሁለት ቁጥር ስለተመሳሰለ ዝምድና አይቆጠርም። ያን ቀን ግን የጠፋ ልጅ እንዳገኘ ሰው ሆነ። ፒኑን ነቅሎ 38ን አወጣ፣ 71ን አስገባ። ገባለት። በገመድ መሞከር ነበረበት። ሲባጎው ግን በማሙሽ በኩል ነው የተሰቀለው፤ አውርዶ ቢተኩስ ድምፁን የሰማ ሁሉ መጥቶ «ምን እያደረግህ ነው?» ማለቱ አይቀርም። ነገ ሽጉጡ ለክበቡ ሲሰጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት «ሽጉጡን ከገዛ አካሉ ያገናኘሁት እኔ ነኝ» ይላል። አባቱም ያን ጊዜ ... ምን እንደሚሉ እያሰበ ብቻውን ፈገግ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ባልቴቷና የክበቡ ሰዎች ሜዳው ላይ ተገኙ። መነጽር ጉሮሮውን ጠርጎ ሊናገር ሲል ሽማግሌው ቀደሙት።

«ማሙሽዬ፣ ተኩስላቸው!»

ቆይ፣ መዝጊያውን ቀይሬዋለሁ፣ አልተሞከረም፤ ይህችን ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣ። ከዚያ አንድ ነገር ከውስጡ፦ ለምን? አንድ ቀን እንኳ ሽጉጡ በሰው ፊት ነክሶ እምቢ ይበለው! አለው። ቃሉን ዋጠው።

ሁለቱ ጥይቶች ደህና ወጡ። ሦስተኛው ግን ድምፁ ሌላ ነበር፤ ደረቅ፣ የሚሰነጥቅ። ጭሱ በኋላ በኩል ቡልቅ አለ። ማሙሽ «ውይ!» ብሎ ሽጉጡን አሸዋው ላይ ጣለ። አውራ ጣቱ ሥር ያለው ሥጋ ተልጦ ደሙ ይንጠባጠባል።

«ምን ነካችሁት?» ሽማግሌው ጮኹ። «ይሄ የትናንቱ ድምፅ አይደለም!»

ማሙሽ ጎንበስ ብሎ በደህናው እጁ ሽጉጡን አነሣና ከፈተው። የጥይቱ ቀፎ፣ ቀለሁ፣ ተሰንጥቆ ነክሷል። መዝጊያው ላይ ያለውን ቁጥር አየ፤ 38 የነበረው 71 ሆኗል። ቀና ብሎ ወንድሙን አየ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ መነጽር ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ።

«እኔ ነኝ አባባ» አለ ማሙሽ። «መዝጊያውን ቀይሬው ነበር። ቁጥሩ ሲገጥምልኝ በገመድ ሳልሞክረው ቀረሁ።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚሉት ይሄው ነው። ሽማግሌው እየዳበሱ ሄደው የሚደማውን እጅ ያዙና በገዛ መሐረባቸው ጠቀለሉት።

«ይህን ስህተት ያልሠራ ጠጋኝ የለም» አሉ። «በሰው ፊት ያመነ ግን እኔ እስከ ዛሬ አላየሁም። እጅህ ይባረክ፣ ልጄ!»

ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ይል ነበር። መነጽር ግን ደሙ ፈላ። ጥፋቴን እንኳ! ቃታውን ሰጡት፣ ዒላማውን ሰጡት፤ አሁን የእኔን ጥፋት፣ በገዛ እጄ የሠራሁትን፣ ከነምርቃቱ ያስረክቡት? መታገሥ አልቻለም።

«ውሸቱን ነው!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ነኝ የቀየርኩት! መዝጊያው ከእኔ መሳቢያ የወጣ ነው! እሱ ምንም አያውቅም!»

ሽማግሌው በደከመ ዓይናቸው ጥላውን ፈልገው ወደ እሱ ዞሩ። ያን ጊዜ እንኳ፣ ታዝኑለት እንደሆነ እንጃ፣ መነጽር ይጠብቅ ነበር። እኔም ጥፋቴን አምኛለሁ፣ ያቺን ሁለት ቃል ለእኔም ይሉኛል ብሎ ይጠብቅ ነበር።

«አንተ ልጅ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው፣ «በጥፋቱም ትቀናበታለህ?»

«ጋሼ፣ ተወው በቃ» አለው ማሙሽ ወንድሙን፣ የቆሰለ እጁን እንደያዘ።

መነጽር ሊምል አፉን ከፈተ። መዝጊያውን መቀየሩን መማል ይችላል፤ እውነት ነው። አለመቅናቱንስ በምን ይማል?