የሁለት አባቶች ደጃዝማች

አባቴ ዘሩን እንደ ሸሚዝ የሚቀያይር ሰው ነበር። በንጉሡ ጊዜ ሐረጋችን ጎንደር ቤተ መንግሥት ይደርስ ነበር፤ በደርግ ጊዜ ደግሞ የጭቁን ገበሬ ልጆች ሆንን። ነፃነት ሲመጣ አስመራ ውስጥ ሁሉም አባቶቹን መቁጠር ጀመረ፤ እሱም ከማን አንሼ አለ። እውነተኛው አያቱ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነበር። መደበር ገበያ ውስጥ ብረት የሚቀጠቅጠው የአጎቱ ልጅ መንገድ ላይ ሰላም ሲለው አባቴ ወደ ሰማይ ያያል። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች አይደል የሚባለው!

እጮኛዬ ሽማግሌ የላከው በዚያ ሰሞን ነው። በእኛ ወግ ሁለት ቤተሰብ ከመጋባቱ በፊት አባቶቹን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ መሃል ላይ የጋራ አያት ከተገኘ ሠርግ የለም። አባቴ ለዚህ ቀን ብሎ ከዓዲ ኣበይቶ በኩል አንድ ደብተራ ፈልጎ የትውልድ ሐረጉን በብራና አጻፈ። አምስተኛው አባታችን ቦታ ላይ አንድ ደጃዝማች በቀይ ቀለም ጉብ ብሏል።

የቆጠራው ቀን ቤት ጊዮርጊስ ሰፈር ወዳለው ቤታችን የእጮኛዬ አባት ልጁን አስከትሎ መጣና እሱም ብራና ዘረጋ። የእጅ ጽሑፉ ያው፣ ቀይ ቀለሙም ያው። ሁለቱ አባቶች ተራ በተራ ቆጠሩ፤ አምስተኛው ላይ ሁለቱም ያንኑ ደጃዝማች ጠሩ። ደብተራው አንዱን ሙት ለሁለት ቤት አድሎት ኖሯል።

«ዘመዳሞች ነን ማለት ነዋ» አለ የእጮኛዬ አባት ቅር እያለው።

«እወ፣ ደም ነን» አለ አባቴ።

ደም! ሁለቱም መዋሸታቸውን ያውቃሉ። «ደብተራው ተሳስቷል» የምትል አንዲት ቃል ሠርጌን ታተርፈው ነበር። ጓዳው በር ላይ ቆሜ አባቴን በዓይኔ ለመንኩት፤ እሱ ብራናውን ይጠቀልላል። ሁለት ሽበታሞች ላልወለዳቸው ደጃዝማች ብለው እኔን በቁሜ ሊቀብሩኝ ነው።

«ባባ፣ አያቴ ቀጥቃጭ ነበር በላቸው እንጂ! እኛ ምን ደጃዝማች አለን?» አልኩ ጮክ ብዬ።

የእጮኛዬ አባት ፊቱን ከዓይኔ አሸሸ፤ ስዋ የተቀዳበትን ዋንጫውንም በመዳፉ ከደነ። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል ይባላል እኮ።

«ዘመድ ብትሆኚን ይሻለን ነበር፣ ጓለይ፣ ልጄ» ብሎኝ ተነሣ።

እጮኛዬስ? ያለ አንቺ አንድ ቀን አላድርም ሲለኝ የከረመው ጀግና፣ ለአባቱ ባርኔጣውን አቀብሎ ከኋላው ተከተለ። እንዲህ ላለ ወንድ ነበር ያን ያህል የጮኽኩት።

አባቴ ሸኝቷቸው ተመለሰ። ሊያጽናናኝ መስሎኝ ነበር።

«የአባቶቼን ስም አጠፋሽ» አለኝ። ብራናውን ዘርግቶ ግድግዳው ላይ ለካና ሚስማር እንዳቀብለው እጁን ዘረጋልኝ።